የሞተር ሳይክል ቀዳሚ ሰንሰለት ውጥረት፦ አንድ ልኬት ለምን አይበቃም?

(በምህንድስና ፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ።)



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ አንድ ባልደረባዬ «ለመሆኑ ስለ ሰንሰለት ይህን ያህል የሚያናግር ምን ነገር አለ?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሞተር ሳይክልን ቀዳሚ ሰንሰለት መፈተሽና ማስተካከል በጥገና መጻሕፍት ውስጥ ከግማሽ ገጽ እምብዛም የማያልፍ ሥራ ነው። ሽፋን ይፈታል፣ ሰንሰለቱ በጣት ከፍ ዝቅ ይደረጋል፣ አንድ ቡሎን ይዞራል፣ ሽፋኑ ይመለሳል። ሆኖም እኔ ያንን ግማሽ ገጽ በቅጡ ባለማንበቤ የሰው አጥንት ተሰብሯል። የተሰበረው የእኔ አልነበረም። ወደዚያ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ የትኛው ሰንሰለት እንደምናገር ግልጽ ላድርግ።

ሞተር ሳይክል ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ከካምቢዮው ተነሥቶ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን፣ አቧራና ጭቃ የሚጠጣውን ሰንሰለት ነው። የዛሬው ሌላ ነው። ቀዳሚ ሰንሰለት የምለው የሞተሩን ጉልበት ከክራንክ ሻፍቱ ተቀብሎ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚያደርሰውን ነው። በሽፋን ተከድኖ፣ ዘይት እየነካካው ይሠራል፤ ባለቤቱም ለዓመታት ሳያየው ሊኖር ይችላል። በከተሞቻችን የሚመላለሱት አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች፣ ባጃጅ ቦክሰርን የመሰሉት፣ በዚህ ስፍራ ሰንሰለት የላቸውም፤ ክራንክ ሻፍቱና ፍሪሲዮኑ በማርሽ በቀጥታ ይያያዛሉ። ስለዚህ ከመካኒኮቻችን አንዱ ቀዳሚ ሰንሰለት በእጁ ነክቶ የማያውቅ ቢሆን አይፈረድበትም።

ሰንሰለቱ በተለይ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሞተር ሳይክሎች ልማድ ነው። በድሮዎቹ የእንግሊዝ ሥራዎች ሞተሩና ካምቢዮው የተለያዩ አካላት ስለነበሩ፣ ሰንሰለቱን ለመወጠር ካምቢዮው በጠቅላላው ወደ ኋላ ይሳብ ነበር። ካምቢዮው ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ የኋላው ሰንሰለት ይላላል፤ አንዱን ያስተካከለ ሌላውንም ማስተካከል ነበረበት። ትራያምፍ እ.ኤ.አ. በ1963 ሞዴሉ ባለ 650 ሲሲዎቹን በአንድ ሣጥን ሲያጠቃልል፣ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት የማይለወጥ ሆነ፤ ሰንሰለቱንም ከሥሩ ደግፎ የሚገፋ ቀስት መሰል መወጠሪያ ተበጀለት። እኔ የማውቀው ሮያል ኤንፊልድ ቡሌትም እንዲሁ ነው። ቡሌት በትውልዱ እንግሊዛዊ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ ሲገጣጠምና በኋላም ሲመረት የኖረ ነው። ካምቢዮው ከሞተሩ ጀርባ ጋር በቡሎን የታሰረ በመሆኑ ርቀቱ አይነቃነቅም። ከታችኛው የሰንሰለት መስመር ሥር ጠመም ያለ መወጠሪያ ተጋድሟል፤ ይህንን አንድ ቡሎን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ አንድ ዳዶም ይቆልፈዋል። ያ ነው በሙሉ።

በ1996 ዓ.ም. ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ፑኔ፣ ሕንድ ነበርኩ። ከአንድ ተመራቂ ላይ ያገለገለ ቡሌት ገዛሁ። ጥቂት ወራት እንደነዳሁት ከግራው ሽፋን ውስጥ በዝግታ ስነዳ ቋ ቋ የሚል ድምፅ መሰማት ጀመረ። ከማደሪያችን አጠገብ በመንገድ ዳር የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ «ቻቻ» ይላቸዋል፣ በሕንድኛ አጎት ማለት ነው። ድምፁን አዳምጠው ሰንሰለቱ ትንሽ መላላቱን ነገሩኝና ሽፋኑን ፈቱ። ከዚያም ያደረጉት ነገር ያን ጊዜ የቸልተኛ ሥራ መስሎ ታየኝ። መለኪያ አላነሡም። ሞተሩን በመርገጫው ጥቂት ያዞራሉ፣ የላይኛውን መስመር በጣታቸው ያነሣሉ፤ እንደገና ያዞራሉ፣ ያነሣሉ። አሥር ጊዜ ያህል ይህንን ከደጋገሙ በኋላ ቡሎኑን ሩብ ዙር እንኳ የማይሞላ አዞሩና ዘጉት። ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። «የቀረውስ?» ስላቸው፣ «የቀረው ይቅር፤ ልል ሰንሰለት ይጮኽብሃል፣ የጠበቀው ግን ዝም ይልሃል» አሉኝ።

እኔ በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ዲግሪ ያለኝ የሜካኒክስ ሰው ነበርኩ። በሳምንቱ ሽፋኑን ራሴ ፈታሁ። የጥገና መጽሐፉ በመካከለኛው ስፍራ የላይ ታች እንቅስቃሴው ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ያህል፣ እንዲሆን ይላል። ማስመሪያ አስጠግቼ ለካሁ፤ 11 ሚሊ ሜትር አገኘሁ። ቡሎኑን አዞርኩ፣ 6 አደረስኩት፣ በማስታወሻ ደብተሬም «6.0 ሚ.ሜ.» ብዬ ጻፍኩ። ነጥቧንና ዜሮዋን ልብ በሉልኝ። ድምፁ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። በጣም ደስ አለኝ።

በመጽሐፉ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የነበረውን ግን አላጤንኩትም፤ «እጅግ በጠበቀበት ስፍራ» ይላል። ቀሪው ንግግሬ የእነዚህ ሦስት ቃላት ማብራሪያ ነው ማለት ይቻላል።

እስቲ ሰሌዳው ላይ እናስላው። በሁለቱ ጥርሳማ መዘውሮች መካከል ያለው ነጻ የሰንሰለት መስመር 220 ሚሊ ሜትር ይሁን። (ትንሹን ፒኞን፣ ትልቁን ኮሮና ብንላቸው ጋራዥ ውስጥም እንግባባለን።) በመካከሉ 6 ሚሊ ሜትር የላይ ታች እንቅስቃሴ አለ ማለት ከቀጥታው መስመር ወደ ላይ 3፣ ወደ ታችም 3 ሚሊ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ሰንሰለቱ ሲነሣ ሁለት ጎነ ሦስት ማዕዘኖችን ይሠራል፤ በፓይታጎረስ ብናሰላው ትርፍ ርዝመቱ የሽሽቱ ካሬ ሁለት እጥፍ ለመስመሩ ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሁለት ጊዜ 9 ለ220። ውጤቱ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዐይናችን በማስመሪያ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ያያል፤ በእውነቱ ያለው ትርፍ ሰንሰለት ግን የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እንኳ አይሞላም፣ ከራስ ፀጉር ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ግንኙነቱ የካሬ ስለሆነ ደግሞ እንቅስቃሴው በግማሽ ሲቀንስ ትርፉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 3 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ ሰንሰለት የቀረው ትርፍ 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጣት «ገና ይንቀሳቀሳል» ሲል ሰንሰለቱ ጨርሶ ሊወጠር በቋፍ ላይ ነው። ወደ ልልነቱ አቅጣጫ ግን ነገሩ ለጋስ ነው፤ 12 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ ሰንሰለት ትርፉ ገና 0.33 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ስሕተቶች እኩል እንዳልሆኑ ከዚህ ማየት ትችላላችሁ።

አሁን ፒኞኑን እናስብ። የትኛውም መዘውር ፍጹም ክብ ሆኖ፣ በፍጹም መሐሉ ላይ አይቀመጥም። መሐሉ 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ሲዞር በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለውን ርቀት በተግባር አንዴ በ0.02 ያሳጥረዋል፣ አንዴ በ0.02 ያረዝመዋል። ልዩነቱ 0.04 ነው፤ የሰንሰለቱ መስመር የላይና የታች ሁለት ስለሆነ ደግሞ 0.08 ይሆናል። ይህ ቀደም ብለን ያገኘነው ትርፍ በሙሉ ነው! እንግዲህ እጅግ በላላበት ስፍራ 6 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ ሰንሰለት፣ ፒኞኑ ግማሽ ዙር ሲሄድ ምንም ትርፍ ላይኖረው ይችላል። በርግጥ እውነተኛ ሰንሰለት የሂሳብ መስመር አይደለም፤ በየመጋጠሚያው ጥቂት ክፍተት ስላለ ይታገሣል። ትዕግሥቱ ግን ወሰን አለው፤ ኮሮናውም የራሱ መዛነፍ አለው፤ ሰንሰለቱም እያገለገለ ሲሄድ ፒኖቹ በእኩል አይበሉም። (ሰንሰለት «ተሳበ» እንላለን እንጂ ብረቱ አይሳብም፤ ፒኖቹና ቡሺዎቹ ስለሚበሉ ነው የሚረዝመው። ርዝመቱ በ2 ከመቶ ያህል ሲጨምር መለወጥ የቆየ ልማድ ነው።)

እነዚህ ሦስት አለመስተካከሎች መቼ ይደራረባሉ? ይህ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምሰጠው ጥያቄ ነው። የትራያምፍ ቦንቪል ባለ 650ን እንውሰድ። ፒኞኑ 29 ጥርስ፣ ኮሮናው 58 ጥርስ፣ ሰንሰለቱ 84 መጋጠሚያ አለው። ኮሮናው የፒኞኑ ትክክለኛ እጥፍ ስለሆነ ሁለቱ በየሁለት የሞተር ዙሩ በተመሳሳይ አቀማመጥ ይገናኛሉ፤ ሰንሰለቱ ግን አይተባበራቸውም። የሦስቱ ትንሹ የጋራ ብዜት 2,436 ነው። ይህም ማለት ሦስቱም ወደ ተነሡበት አቀማመጥ የሚመለሱት ሞተሩ 84 ጊዜ፣ ኮሮናው 42 ጊዜ፣ ሰንሰለቱ ራሱ 29 ጊዜ ከዞሩ በኋላ ነው። በቡሌት ፒኞኑ 25፣ ኮሮናው 56 ጥርስ ናቸው፤ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሰንሰለቱን እንኳ ሳንቆጥር ሁለቱ መዘውሮች ብቻ እንደገና ለመገናኘት 56 የሞተር ዙር ይፈልጋሉ። አንድ ልኬት ከዚህ ሁሉ አቀማመጥ ውስጥ አንዱን ብቻ ያያል። ማንም ሰው በጋራዥ ውስጥ ይህን ሁሉ ዙር እየለካ አይውልም፤ ቻቻ ያደረጉት ግን፣ በተለያዩ አቀማመጦች አሥር ጊዜ በጣት መሞከርና ትንሹን መያዝ፣ ለጥያቄው የሚመጥን የናሙና አወሳሰድ ነበር። እኔ ደግሞ፣ አሁን እንደምገምተው፣ እጅግ በላላበት አጠገብ አንዴ ለካሁ፤ ከዚያ በነጥብ ጻፍኩት።

የሙቀቱ ነገርም አለ። ሣጥኑ አልሙኒየም፣ ሰንሰለቱ ብረት ነው፤ አልሙኒየም በሙቀት የሚለጠጠው የብረትን እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ በብዙ ሞተር ሳይክሎች ሰንሰለቱ ሲሞቅ ይጠብቃል እንጂ አይላላም፤ ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. ከ2007 በፊት በነበሩት በርካታ ትልልቅ ሞተሮቹ ሁለት የተለያዩ ልኮችን ይሰጥ ነበር፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ከ16 እስከ 22፣ ሲሞቅ ከ10 እስከ 16 ሚሊ ሜትር። ከዚያ በኋላ በራሱ የሚወጥር መሣሪያ ገባ። ሁለቱ ልኮች ከየት እንደመጡ እኛው ማረጋገጥ እንችላለን። የዘንጎቹ ርቀት 300 ሚሊ ሜትር፣ የሙቀቱ ጭማሪ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሁን። የአልሙኒየምና የብረት የመለጠጥ ልዩነት በአንድ ዲግሪ በሚሊዮን 11 ያህል ነው፤ ለአንዱ መስመር 0.2፣ ለሁለቱ 0.4 ሚሊ ሜትር። ቀዝቃዛ ሳለ 19 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ ሰንሰለት ትርፉ 0.6 ነው፤ 0.4 ሲቀነስ 0.2 ይቀራል፤ ይህም ወደ እንቅስቃሴ ሲመለስ 11 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በመጽሐፉ የሞቀ ልክ ውስጥ ገባ። እንዲህ ዐይነት ነገር ሲገጥመኝ፣ ልናገረው ይገባል፣ ዛሬም እንደ ተማሪ ደስ ይለኛል።

ሥራውን በተግባር ለምትሠሩ ጥቂት ልጨምር። ሞተር ሳይክሉ በመሐል መቆሚያው ይቁም፤ ሞተሩ መጽሐፉ በሚለው ሙቀት ላይ ይሁን፤ ካንዴላውን ንቀሉት፣ ያን ጊዜ ሞተሩ በእጅ ሲያዞሩት አይታገልም። በድሮው ቡሌት የግራውን እግር ማሳረፊያና የፍሬን መርገጫውን ካነሣችሁ በኋላ ሽፋኑን የያዘው አንድ ዳዶ ብቻ ነው። ይህን የነደፈው ሰው ለባለቤቱ አዝኗል፤ ለወለሉ ግን አላዘነም፤ ዘይቱ ስለሚፈስ ሳፋ አስቀምጡ። የላይኛውን መስመር በመካከሉ ይዛችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉ፣ ልኩን ጻፉ፣ ሞተሩን ጥቂት አዙሩ፣ ድገሙ። ትንሹ ቁጥር እስኪታወቅ አታስተካክሉ። ትንሹና ትልቁ እጅግ ከተራራቁ ደግሞ ችግሩ የውጥረት አይደለም፤ ሰንሰለቱ ወይም መዘውሩ አብቅቷል፣ ቡሎን በማዞርም አይድንም። መወጠሪያው ራሱ ተበልቶ እንደሆነ እዩ። ቆላፊውን ዳዶ ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑን ይዞ ይዞራልና ልኩ ብዙ ጊዜ ይለወጣል።

አሁን ወደ ፑኔ ልመለስ። ድምፅ አልባው ቡሌት ሁለት ወር ያህል ሠራ። የጠበቀ ሰንሰለት ሁለቱን ዘንጎች ያለማቋረጥ እርስ በርስ ይስባል፤ ሞተሩ ጉልበት ባይሰጥ እንኳ ኩሽኔታዎቹ ሸክም አያጡም። ከግራው ሽፋን ሥር ዘይት መታየት ጀምሮ ነበር፤ የድሮ ቡሌት ዘይት ማንጠባጠቡ ብርቅ ስላልሆነ ንቄ ተውኩት። አንድ እሑድ፣ ከኬሚስትሪ ክፍል የነበረ አንድ የአገሬን ልጅ ከኋላዬ አስቀምጬ ከዋይ ወደ ፓንችጋኒ የሚወስደውን የፓሳርኒን ዳገት እየወጣን ሳለ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። የተበጠሰው ጫፍ በኮሮናውና በሽፋኑ መካከል ተጠቀጠቀ፤ ፍሪሲዮኑ ታስሮ ስለነበር የኋላው ጎማ ቆመ። ያን ቅጽበት የፍሪሲዮኑን እጀታ ብይዘው ጎማው ይለቀቅ ነበር። ያዝኩት፤ ግን ዘገየሁ። ፍጥነታችን አነስተኛ ስለነበር እኔ በክርን መጋጥ አመለጥኩ። ጓደኛዬ በቀኝ እጁ መሬቱን ተደገፈ፣ የእጁም አንጓ ተሰበረ። በቤተ ሙከራ የሚሠራ ሰው ነበርና ጥናቱ አንድ ሴሚስተር ዘገየበት።

ቡሌቱን በጭነት መኪና አስመጥቼ ለቻቻ አሳየኋቸው። የተበጠሰውን ሰንሰለት በእጃቸው ይዘው፣ የፒኞኑን ኩሽኔታ ነቅነቅ አድርገው፣ «ስንት ቦታ ላይ ለካህ?» ብለው ጠየቁኝ። «ልኬቴ ትክክል ነው፤ ሰንሰለቱ አርጅቶ ነው» አልኳቸው። አልተከራከሩኝም። ለጓደኛዬ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ነገርኩት፤ መካኒኩ በደንብ አልሠሩትም አልኩት። እርሱም አመነኝ፤ የምሕንድስናው ሰው እኔ ነበርኩና። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም በእኒያ ሽማግሌ በር አላለፍንም።

ለብዙ ዓመታት ታሪኩን ስናገር በዚያው መልክ ነበር የምናገረው። ከአራት ዓመት በፊት ቢሮ ስቀይር ያቺን ማስታወሻ ደብተር አገኘኋት። ያን ሰሞን የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼን የቤተ ሙከራ ዘገባ እያረምኩ ነበር፤ ከሠላሳ ሁለቱ ዘገባዎች ሃያ ስድስቱ እያንዳንዱን ልኬት አንድ ጊዜ ብቻ ወስደው በሁለት የነጥብ ቤት የጻፉ ነበሩ። በየኅዳጉ «ስንት ጊዜ ለካህ? ስንት ጊዜ ለካሽ?» እያልኩ በቀይ እስክሪብቶ ስጽፍ ቆይቼ ነው «6.0 ሚ.ሜ.» የሚለውን የራሴን ጽሕፈት ያየሁት። ከቁጥሩ ጎን ሌላ ቁጥር የለም። የቻቻን ጥያቄ ሳላውቀው ሃያ ስድስት ጊዜ ጽፌው ነበር።

ለጓደኛዬ በዚያው ሳምንት ስልክ ደወልኩለት። ዛሬ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ሰንሰለቱን ያጠበቅሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ሽማግሌው እንዳስጠነቀቁኝ፣ በእርሳቸው ማሳበቤንም ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እጄን ብርድ ሲሆን ያመኛል፤ እኔ ግን የከነከነኝ ለሰውየው ሰላምታ መንፈጌ ነው» አለኝ። ቻቻን ለማግኘት በዚያ በኩል ያለ የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬን ጠይቄ ነበር፤ መንገዱ ተስፋፍቶ የመንገድ ዳር ሱቆቹ ሁሉ ተነሥተዋል አለኝ።

የቤተ ሙከራ መመሪያችን ካለፈው ዓመት ወዲህ የተለወጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለምን እንደተለወጠ የጠየቃችሁኝ ተማሪዎች መልሱን ዛሬ አገኛችሁ። አንድ ቁጥር ብቻ የያዘ ሰንጠረዥ ያለ ውጤት ይመለሳል፤ በምን አቀማመጥ፣ በምን ሙቀት እንደተለካም አብሮ ይጻፋል።

በስተቀኝ ካለው ጠረጴዛ ላይ ከቤተ ሙከራችን የመጣ ሁለት መዘውርና አንድ ያገለገለ ሰንሰለት የተገጠመበት ማሳያ አለ። በአንድ በኩል እጀታ አለው፤ ማስመሪያም ታስሯል። ስትወጡ ቢያንስ ስድስት ቦታ ላይ እየለካችሁ ትንሹን ቁጥር በወረቀቱ ላይ ጻፉልኝ። እኔ ዛሬ ጠዋት ለክቼ 4 ሚሊ ሜትር አግኝቻለሁ፤ ከዚያ ያነሰ የምታገኙ ካላችሁ ቦታውን በኖራ ምልክት አድርጉበት። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።